የማክሰኞ ገበያ ጋሪ

እርጥብ ቆዳና የፈረስ ላብ አንድ ላይ ሲሸቱኝ፣ የትም ልሁን የት፣ ልጅነቴ መጥቶ ፊቴ ይደቀናል። በቀደም ጫማ ሰፊ ዘንድ ቆሜ ዝናብ ያበሰበሰው ቀበቶ ሸተተኝና የአባቴ ጋሪ፣ ጭቃው፣ ፈረሳችን ዳማ፣ ሁሉም ባንዴ መጡብኝ። ደስ የሚል ትዝታ ነው ብዬ አልዋሽም።

አካባቢያችን ባቡር አይቶ አያውቅም፤ የእኛ ባቡር ጋሪ ነበር። ከመንደራችን ከማክሰኞ ገበያ ተነስቶ፣ መካከል ላይ ወፍጮ ቤቱ ጋ ቆሞ፣ ደብረ ማርቆስ መግቢያ ድረስ የሚዘልቀውን መስመር የከፈተው አባቴ ነው። ከዚያ በፊት ሰው እህሉን በአህያ ጭኖ፣ በሽተኛውን በቃሬዛ ተሸክሞ ነበር ከተማ የሚገባው። አባቴ በአሮጌ የመኪና ጎማ ጋሪ አሠርቶ፣ ዳማን ገና በውርንጭላነቱ ገዝቶ ራሱ ገራው። አገራሩ ግን ክፉ ነበር፤ ፈረሱ መቆሚያ ላይ ደርሶ «በል!» ሳይባል እግሩን ካነሳ አፍንጫውን በአለንጋው እጀታ ይለው ነበር። ዳማም ተማረ። በኋላ በኋላ አባቴ ጠላ ቤት ገብቶ ቢቆይ እንኳ፣ ፈረሱ ፀሐይ እየጠበሰው ካቆሙት ቦታ ንቅንቅ አይልም፤ «በል!» ካሉት ደግሞ ለማንም ይሄድ ነበር። «የእኔ ፈረስ ያለ ትእዛዝ እግሩን አያነሳም፤ ከእናንተ ልጆች ይሻላል» እያለ አባቴ በሰው ፊት ይኩራራ ነበር።

ክረምት ሲገባ መንገዱ ቡኮ ሆኖ ጎማው ሲዋጥ፣ የከፈሉበት ነውና ተሳፋሪዎቹ አይወርዱም፤ አባቴ እየገረፈ፣ ዳማ እያቃሰተ፣ እነሱ ከላይ ሆነው ስለ ጤፍ ዋጋ እያወሩ ይሄዱ ነበር። ማታ የተላጠ ጀርባውን በጨው ውኃ የማጥብለት እኔ ነበርኩ። ሲያቃጥለው ቆዳው ይርገበገባል እንጂ አንድ ቀን ተራግጦብኝ አያውቅም።

መስከረም ጠብቶ ጭቃው ሲደርቅ መስመሩ ይደምቅ ነበር። ጥር ላይ ሙሽሮች በዳማ ካልሄድን እያሉ ይጣሉ፣ እናቴም አንገቱ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስርለት ነበር። ሌሎችም አይተው ጋሪ ገዙ፤ ተራ መጠበቅ መጣ፣ በተራ መጣላትም አብሮ መጣ። እኔ ይህ ሁሉ የማያልቅ ይመስለኝ ነበር።

አስፋልቱ ግን ደረሰ፣ ባጃጅ ተከተለው፣ ጋሪ አስፋልት ላይ እንዳይወጣ ተከለከለ። አባቴ ለቅሶ እንኳ አልተቀመጠም፤ ከአጎቴ ጋር ባጃጅ ገዝቶ በዚያው መስመር መሥራት ጀመረ። ዳማ ጉልበቱ አብጦ በረት ጥግ ቆመ። በጋው ሲረዝም ገለባው ሳሳ፤ አባቴም በረት በገባ ቁጥር ክምሩንና ፈረሱን እያፈራረቀ ማየት አበዛ። ምን እያሰበ እንደሆነ ገብቶኝ፣ ዝናብ ጥሎ ሣር እስኪበቅል፣ ሰኔ እስኪገባ ብቻ እንዲያቆየው ጉልበቱን ይዤ ለመንኩት። «እሺ፣ ተይ አታልቅሺ» አለኝ። አመንኩት።

ግንቦት ላይ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ በረቱ ውስጥ ገመዱ ብቻ ተንጠልጥሏል።

«ዳማስ?»

«ከወፍጮ ቤቱ ወዲያ፣ ወንዙ ዳር ለቀቅሁት» አለ አባቴ፣ የባጃጁን መስተዋት እየወለወለ።

«ጅብ ይበላዋል እኮ!»

«እኔ ምን አደረግሁት? አልገደልሁት፣ ለቀቅሁት እንጂ። ፈረስ አይታረድ፣ አይበላ። የገዛ ፈረሱን የገደለ ደግሞ ግፍ ይይዘዋል።»

ያረጀ የጋሪ ፈረስ ሁሉ የሚሰናበተው እንዲህ ነበር፤ የማንም እጅ ደም ሳይነካ። ገመዱን እንኳ ያስቀረው ለጥጃ ይሆናል ብሎ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ባለ ወፍጮው ጋሽ የኔሰው መጥተው ነገሩን። ዳማ እያነከሰ ከወንዙ ወጥቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ወፍጮ ቤቱ ጋ ሲደርስ፣ እንደ ልማዱ ቆመ።

«እህል ሊያስፈጭ የመጣው ሁሉ ‹ተሳፋሪ ሊጭን ነው› እያለ ሳቀበት» አሉ። «እኔም ስቄያለሁ። ወፍጮዬን ዘግቼ ስሄድ እዚያው ቆሞ ነበር። ጠዋት ስመጣ ጅብ በልቶታል።»

«‹በል› ቢሉት ኖሮ እኮ ይመጣ ነበር!» አልኳቸው።

«ምነው ባልኩት፣ ልጄ፤ ምነው ባልኩት።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለች እናቴ፣ ከምትለቅመው ምስር ቀና ሳትል።

አባቴ ሄዶ አይቶ መጣ። ያዝናል ብዬ ስጠብቅ ፊቱ ላይ ያየሁት ኩራት የሚመስል ነገር ነው። «አጥንቱ እዚያው ነው» አለ፤ «አንዲት እርምጃ አልሸሸም።» ያን ቀን አባቴን ጠላሁት። በዚያው ሳምንት ዝናቡ ጣለ፣ ሣሩም በቀለ።

ዛሬ ጋሪ በዚያ መንገድ የለም፤ ወፍጮ ቤቱም ፈርሷል። ቦታው ግን ስሙ ዳማ ነው። ተማሪውም ነጋዴውም «ዳማ ጋ ወራጅ አለ!» ይላል። አንዱ ወጣት ሾፌር ዳማ የድሮ ባላባት ስም ነው ብሎ ሲያስረዳኝ ሂሳቤን ከፍዬ ወረድኩ። መንገዱ ሲሰፋ ቤታችን ፈረሰና፣ እናቴ ካለፈች በኋላ፣ ለአባቴ ምትክ ቦታ የተሰጠው እዚያው ዳማ፣ የአስፋልቱ ዳር ነው።

አሁን አርጅቷል፤ ጉልበቱንም ያመዋል። ለሕክምና ከተማ ወስጄው ስንመለስ ታክሲው ውስጥ ጎን ለጎን እንቀመጣለን። በሩ ፊት ለፊት ስንደርስ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ «ዳማ ጋ ወራጅ አለ» የሚለው ቃል ግን አይወጣም፤ ያንን ስም አንድም ቀን ሲጠራው አልሰማሁም። አልፎ ሄዶ የሚቀጥለው ማቆሚያ ላይ ሌሎች ሲወርዱ ይወርድና፣ በዚያ ጉልበቱ ዳገቱን በእግሩ ይመለሳል። እኔ ልጠራለት እችል ነበር። በመስኮቱ ወደ ውጭ አያለሁ።