ለዘር የተተወው ጎመን

የእቃ እጣቢ ውኃ በደረቀ አፈር ላይ ሲደፋ የሚወጣው ሽታ፣ ግማሹ የጭቃ ግማሹ የሽሮ ድስት የሆነው ሽታ፣ ዛሬም ባላሰብሁት ቦታ አፍንጫዬ ላይ ሲደርስ ሰቆጣ ያደግሁበት ግቢ ፊቴ ድቅን ይላል። ደስታ ይዞ ቢመጣ በወደድሁ። ይዞብኝ የሚመጣው ግን በጓሮው አጥር ሥር የነበሩትን ሁለት የጎመን እግሮችና በእነሱ ምክንያት የዋሸሁትን ውሸት ነው፤ ሌላውን፣ ቲማቲሙንም ካሮቱንም፣ በእነሱ በኩል ካላለፍሁ ላስታውሰው አልችልም።

እናቴ ከደብረ ታቦር ተመድባ የመጣች የሒሳብ አስተማሪ ነበረች። አባቴ ሥራው አበርገሌ ስለነበር በወር አንዴ አቧራ ለብሶ ብቅ ይል ነበርና ቤቱ ብዙውን ጊዜ የእኔና የእሷ ነበር። የተከራየነው እማማ አለሚቱ የሚባሉ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ግቢ ውስጥ ሲሆን፣ እሳቸው ከእኛ ጋር በአማርኛ፣ ከፍየላቸው ጋር ደግሞ በኽምጣኛ ያወሩ ነበር። ፍየሏ ቀዮ ትባላለች። አንዲት ልጃቸው አበርገሌ ተድራ በሄደች በዓመቱ ግልገል ሳለች የላከችላቸው ስለሆነች «የልጄ ናት» ይሏት ነበር እንጂ «ፍየሌ» አይሏትም ነበር።

አሥር ዓመቴ ላይ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ እማማ አለሚቱ ከቤቱ ጀርባ ያለችውን ጠባብ መሬት «ሥራ ፈታችሁ ከምትውሉ ቆፍሩባት» ብለው ሰጡን። ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር እንደሚባለው ነው የሆነብን። እናቴ የሒሳብ ሰው ናትና መደቡን በገመድና በማስመሪያ ለክታ፣ የካሮቱን ዘር አንድ ስንዝር ጉድጓድ ውስጥ እያስገባች አፈር መለሰችበት፤ እኔም ከበሰበሰ ቲማቲም ያወጣሁትን ዘር በአንድ ቦታ እፍኝ ሙሉ በተንሁ፣ በላዩም ትኩስ እበት ከመርሁበት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ከካሮቱ አንድም አልበቀለም፣ የእኔ ቲማቲም ደግሞ ተጨናንቆ ከወጣ በኋላ በእበቱ ተቃጥሎ ቢጫ ሆነ። እማማ አለሚቱ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው አይተው፣ «አንቺ አስተማሪ፣ ካሮቱን ቀበርሽው እኮ! ተዝካሩ መቼ ነው?» ሲሉ እናቴ እስክታለቅስ ድረስ ሳቀች።

ያን ጊዜ ነው ከመቀነታቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው የሰናፍጭ የሚመስል ጥቁር ዘር መዳፌ ላይ ያፈሰሱልኝ። ጎመን ነበር። ከእናታቸው የተቀበሉት ዘር እንደሆነ፣ እናታቸውም ከእናታቸው እንደተቀበሉት ነገሩኝ። ሐምሌን በሙሉ ከኋላቸው እየተከተልሁ፣ ዘርን በአመድ ለውሶ መዝራትን፣ ችግኝን በደመና ቀን ማዛወርን፣ ቅጠልን ከሥር ከሥር መቅጠፍን ተማርሁ። መስከረም ሲጠባ የእኔ መደብ አረንጓዴ ሆኖ፣ ጎመኑም ለስላሳና ጣፋጭ ሆኖ፣ እናቴ ለመምህራን ጓደኞቿ «የልጄ እጅ ነው» እያለች ታድል ነበር፤ እኔም ከዚያ ወዲያ መሬት አልበቃኝም።

በኅዳር እማማ አለሚቱ ከጎመኑ ሁሉ ግንዳቸው የወፈረውን ሁለቱን መርጠው፣ «እነዚህን እንዳትነኩብኝ፣ ለዘር ናቸው» አሉን። በሰፈሩ ልማድ ሁሉም ጎመን ይተክላል፣ በበጋ ዘሩን የሚያደርስለት ውኃ ያለው ግን የእሳቸው ግቢ ብቻ ነበር፤ የልብስ ማጠቢያው ድንጋይ አጥር ሥር ስለሆነ እርጥበቱ እስከ የካቲት ይቆያል። ስለዚህ የሰፈሩ ሴቶች ያላቸውን በልተው ይጨርሱና፣ ሰኔ ሲገባ እያንዳንዷ ቁራጭ ጨርቅ ይዛ መጥታ ከእሳቸው ቁንጥር ትወስድ ነበር። ይህን ሁሉ ያኔ አላውቅም ነበር ብል ግማሹ እውነት ነው። እንዳትነኩ መባሌን ግን አውቅ ነበር።

ጥር ላይ ውኃ በፈረቃ ሆነ። በቦኖው የተሰለፈ ጀሪካን ቀርቶ ተራ ለመያዝ የተቀመጠ ድንጋይ ራሱ የሚሰረቅበት ጊዜ ነበር። በዚያ ወር ነው እናቴ ከትምህርት ቤት ተጥሎ ያገኘችውን አንድ የኮክ ችግኝ፣ ላስቲኩ ውስጥ ሥሩ ተጠማዞ ቅጠሉ የጠወለገውን፣ ይዛልኝ የመጣችው። በጥር ችግኝ የሚተክል ጀማሪ ብቻ ነው፤ እኛ ደግሞ ጀማሪዎች ነበርን። እርጥብ መሬት ያለው አጥር ሥር ብቻ ነው፣ እዚያ ደግሞ ሁለቱ ጎመኖች ቆመዋል፤ ቅጠላቸው አልቆ፣ ቢጫ አበባቸው ረግፎ፣ ቀጫጭን አረንጓዴ ፍሬ አንጠልጥለው ወደ አንድ ጎን ያዘነበሉ አስቀያሚ ነገሮች። እናቴም አንድ ቀን አልፋ ስትሄድ፣ «ያበበ ጎመን ውኃ ይጠጣል እንጂ ምን ይሰጣል?» ብላ ነበር፤ ለራሷ ያለችውን እኔ እንደ ፈቃድ ያዝሁት።

እማማ አለሚቱ ለለቅሶ አምደወርቅ ሄደው፣ ቀዮን ለእኔ አደራ ሰጥተው፣ አምስት ቀን ቆዩ። በሦስተኛው ቀን፣ እናቴ ትምህርት ቤት ሳለች፣ ሁለቱን ጎመኖች ነቅዬ ኮኬን በቦታቸው ተከልሁ። የነቀልሁትን ቀዮ ፊት ጣልሁላት፤ ከግንዱ ጀምራ እስከ ፍሬው ጥርግ አድርጋ በላች። እየበላች ሳለ ፍሬው አንድ በአንድ እየተሰነጠቀ ውስጡ ገና ለስላሳ አረንጓዴ ዘር ታየኝ። «ለዘር ናቸው» ያሉት ምን ማለት እንደነበር በደንብ የገባኝ ያኔ ነው፤ ልነጥቃት ብዬ ገመዷን ስይዝ ግን የቀረ ነገር አልነበረም።

እማማ አለሚቱ ሲመለሱ ነጠላቸውን ሳያወልቁ፣ ውኃ እንኳ ሳይጠጡ ወደ ጓሮ ገቡ። ቦታውን አይተው ወደ እኔ ዞሩ።

«ጎመኑስ?»

«ቀዮ በላችው» አልኋቸው። ይህ ውሸት አልነበረም፤ ለዚያም ነው ቶሎ ከአፌ የወጣው።

«አስረሻት አልነበረም እንዴ ልጄ?»

«ገመዷን በጥሳ፤ ቦታው ባዶ ሲሆንብኝ ኮኬን ተከልሁበት» አልሁ። ይኸኛው ውሸት ነበር።

«አበስኩ ገበርኩ!» ብለው ማጠቢያው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። አልተቆጡም። «ፍየል አንዴ አትክልት ከቀመሰች አትተወውም፤ ነገ ደግሞ የእናንተን ትጨርሳለች። እንኳን ነገርሽኝ፣ አንቺ ባትነግሪኝ በሰው እፈርድ ነበር» አሉኝ። እናቴ ከሥራ ስትመጣ «ኧረ እማማ፣ ስለ እኛ ብለው እንዳይሸጧት፣ እኛ አጥር እንሠራለን» ብላ ለመነቻቸው፤ እሳቸው ግን የሰፈሩን ዘር የበላች ፍየል ይዘው ከጎረቤት ዓይን ለዓይን ለመተያየት አፈሩ። በገበያው ቀን በጠዋት ገመዷን ይዘው ሲወጡ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ቀዮ አንገቷን ወደኋላ እያዞረች ትጮህ ነበር፣ እሳቸውም በኽምጣኛ አንድ ነገር እያሉ ያባብሏት ነበር፤ እኔ አፌን ከፍቼ አንድ ቃል ብናገር የሚቆም ነገር ነበር። አልተናገርሁም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔ ዝምታ ግን በዚያው ዕለት ነው መንቀዝ የጀመረው።

ክረምቱ ሲመጣ ቅጣቴ መጣ። የሰፈሩ ሴቶች አንድ በአንድ ጨርቃቸውን ይዘው በራችንን እያንኳኩ «አለሚቱ፣ ዘሩን» ሲሉ፣ እሳቸው «ዘንድሮስ የለኝም፣ ፍየሌ በላችብኝ» ይሉ ነበር። «ፍየሌ» ሲሉ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ስንት ሴት እንደመጣች አላስታውስም፤ በመጣች ቁጥር ግን ቤት ገብቼ ደብተር እገልጥ ነበር። ከገበያ የተገዛው የፓኬት ዘር በቀለ፣ ረዘመም፤ ቅጠሉ ግን ጎምዛዛ ነበር፣ ቢቀቅሉትም አይለሰልስም። ሰው ሁሉ እየበላ ያማ ነበር። በኅዳር እማማ አለሚቱ ጠርተውኝ፣ «ዘንድሮ ለዘር የሚሆነውን አንቺ ምረጪ፣ እጅሽ ጥሩ ነው፤ ደግሞ ዓይንሽ ያያል፣ ጥፋት ስታዪ ትነግሪኛለሽ» አሉኝ። መረጥሁ።

ኮኩ ግን፣ እግዚአብሔር ሲያላግጥብኝ ይሆን አላውቅም፣ ያዘ። ያለ ወቅቱ ተተክሎ፣ በእጣቢ ውኃ አድጎ፣ በሦስተኛው ዓመት ሰባት ፍሬ ሰጠ። የመጀመሪያውን ለእማማ አለሚቱ ወሰድሁላቸው፤ ጥርስ ስላልነበራቸው በቢላዋ እየላጡ፣ ጭማቂው በክንዳቸው እየወረደ በሉና «እደጊ፣ የነካሽው ይለምልም» ብለው መረቁኝ። ምርቃቱን ጭንቅላቴን ደፍቼ ተቀበልሁ፤ ከዚያ በኋላ ኮክ በልቼ አላውቅም። በዚያው ዓመት እናቴ ዝውውር ደርሷት ከሰቆጣ ወጣን።

አሁን ወልድያ ነው የምኖረው፤ ነርስ ነኝ። ቤቴ ጓሮ ቧንቧ አለ፣ ሰላጣና ቀይ ሥር፣ ቃሪያና ቲማቲም ጎረቤት እስኪጠግብ አበቅላለሁ። ካሮት አልቀብርም፣ ትኩስ እበት አላፈስስም፣ በየዓመቱም ከሁሉ የወፈረውን ለዘር እተዋለሁ። ሰው «ማን አስተማረሽ?» ሲለኝ «አንዲት የሰቆጣ አሮጊት» እላለሁ፤ ያንን ባልሁ ቁጥር ያ ማጠቢያ ድንጋይ ላይ ቁጭ ሲሉ ይታዩኛል። ስለዚህ አምና በበጋ፣ ፈቃድ ወስጄ፣ ስኳርና ጋቢ ይዤ ሄድሁ።

እማማ አለሚቱ ዓይናቸው ደክሟል፣ ልጃቸው ከአበርገሌ መጥታ አብራቸው ትኖራለች። በድምፄ ለዩኝ። ልጃቸው ገበያ እስክትወጣ ጠብቄ፣ እግራቸው ሥር ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኋቸው፤ መንቀሌን፣ ለቀዮ መጣሌን፣ ገመዱን። ይቅር ይሉኛል ብዬ እንባዬን አዘጋጅቼ ነበር።

ፊታቸውን ወደ እኔ ሳይሆን ወደ በሩ አዙረው፣ «እንግዲያ ያችን ፍየል ያለ ጥፋቷ ነው የሸጥኋት?» አሉ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው እማማ፣ የእርስዎ አይደለም» አልሁ።

«አንቺማ ልጅ ነበርሽ። እኔ ነኝ ያልጠየቅሁ። ገመዱን እንኳ አላየሁትም እኮ ልጄ፣ የተበጠሰ ይሁን የተፈታ አላየሁትም።» ይህን ደጋግመው ይሉት ጀመር። ይቅርታውንም ሰጡኝ፣ ምርቃቱንም ጨመሩልኝ፤ ስወጣ ግን አሁንም ስለ ገመዱ ያወሩ ነበር። እኔም አውቶቡሱ ውስጥ፣ ከሃያ ስንት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልሎኝ፣ እንቅልፍ ወስዶኝ ወልድያ ደረስሁ።

ባለፈው ወር ልጃቸው ደወለችልኝ። «እማዬን ምን ነግረሻት ነው የሄድሽው?» አለችኝ፤ ድምጿ ቁጣ አልነበረበትም፣ ግራ የተጋባች ነበረች። «አሁንም አሁንም ቀዮን ሸጥሁብሽ፣ ይቅር በይኝ እያለች ታለቅሳለች። እኔ ያችን ፍየል ከረሳኋት ስንት ዘመኔ።» አሥር ዓመቴ ላይ ለመናገር ፈርቼ ዝም አልሁ፣ አሁን ደግሞ ደፍሬ ተናገርሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ያሰብሁት ለራሴ ነበር።