የሚዳቋዋ ዓይን

ልጅ ሳለሁ፣ አባቴ በመምህርነት ተመድቦ አሰበ ተፈሪ በሄድንበት ዘመን፣ ወላጆቼ የቀበሌ ስብሰባ በተጠሩ ቁጥር እኔን ለጎረቤታችን ለአባ ጀማል ትተውኝ ይሄዱ ነበር። አባ ጀማል ከዋንዛ እንጨት የዱር እንስሳ እየጠረቡ በሚኤሶ ለሚያልፉ የከባድ መኪና ሾፌሮች የሚሸጡ ሽማግሌ ነበሩ። ያኔ ስብሰባ ሲጠራ ደስ የሚለው ሰው በከተማው ከእኔ በቀር የነበረ አይመስለኝም።

ፋኖሱ ተለኩሶ የምድጃው ፍም አመድ ሲለብስ ተረቱም ሥራውም አብረው ይጀመራሉ። ሚዳቋ አንበሳን እንዴት እንዳታለለችው እየተረኩልኝ የጠረቡትን በብርጭቆ ወረቀት ያስፈትጉኛል፣ ብናኙን በእርጥብ ጨርቅ ያስጠርጉኛል፤ የመጀመሪያውን ቀለም በስሱ ቀብቼ ሳይደርቅ ልደግም ስል ደግሞ «ቆይ እንጂ! እንጨትም እንደ ሰው ነው፤ የጠጣውን ሳይጨርስ አይቀዳለትም» ብለው እጄን ይይዙኛል። ዓይን የሚሳለው መጨረሻ ላይ ነው። የደቀቀ ከሰል በዘይት ለውሰው፣ የዶሮ ላባ ያስጨብጡኝና «ይሄ ያንቺ ነው፤ እጅሽ አይንቀጠቀጥም» ብለው ለማታው የኢሻ ሰላት ውዱእ ሊያደርጉ፣ እጅ እግራቸውን ሊታጠቡ ይወጣሉ። ትንፋሼን ይዤ ነጥቧን ሳሳርፍ፣ ሚዳቋዋ ከተረቱ ወጥታ እኔን ያየችኝ ይመስለኝ ነበር። በማግስቱ ትምህርት ቤት የምነዛው ጉራ ለጉድ ነው።

አንድ ምሽት ታላቅ ወንድማቸው ከገለምሶ መጡ። ገና የጨረስኳትን ሚዳቋ አንስተው አገላበጡና ፊታቸው ጠቆረ። የሚነጋገሩት በኦሮምኛ ነበር፤ እኔ ግን ያኔ ከሰፈር ልጆች ጋር ስጫወት ቋንቋውን ለምጄው ነበር።

«ዓይን ሠራህላት? ያለ ዓይን እንጨት ብቻ ነበረች፤ አሁን በፍርድ ቀን፣ በቂያማ፣ ‹ነፍስ ዝራባት› ስትባል ምን ልትመልስ ነው?» አሉ ወንድምየው።

«ወላሂ፣ እኔ ዓይን ስዬ አላውቅም» አሉ አባ ጀማል፣ ረጋ ብለው። «የመምህሩ ልጅ ናት የምትስለው። እሷ ክርስቲያን ናት።»

ሚስታቸው እማ ፋጡማ ከጓዳ ሰምተው «ታዲያ ዕዳውን ለሰው ልጅ ታሸክማለህ?» ብለው ተቆጡ።

«ልጅ አይደለች እንዴ? የልጅ አይቆጠርም!»

ወንድምየው ራሳቸውን ነቅንቀው ሚዳቋዋን መልሰው አስቀመጧት። እኔ ላባውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ የሚባለው ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ያን ምሽት ነው። ለካ የተመረጥኩት እጄ ስለማይንቀጠቀጥ አልነበረም። ተከዳሁ፤ በጣም ከፋኝ፤ ከዚያ በኋላ ስብሰባ ሲኖር ቤት ዘግቼ ብቻዬን መቀመጥን መረጥኩ።

ዛሬ ሳስበው አባ ጀማል ክፉ ሰው አልነበሩም። የልጅ ጥፋት እንደማይጻፍ ከልባቸው ያምኑ ነበር፤ ማንንም የጎዱ አልመሰላቸውም። ተረቶቻቸውንም አልረሳሁም፣ ለልጆቼ ሳወራ ድምፃቸው በጆሮዬ ይመጣል። ያቺን «አይቆጠርም» የምትል ቃል ግን እስከ ዛሬ ይቅር ማለት አቅቶኛል። በዚያ ዕድሜዬ ይህን እኔ ሠራሁ የምለው ነገር የሚዳቋ ዓይን ብቻ ነበር። ኃጢአት ሆኖም ቢሆን እንዲቆጠርልኝ ነበር የምፈልገው።