በስጦታ የተሰጠኝ ቁም ሳጥን

ዛሬ ጠዋት ልከራየው ባየሁት ቤት ውስጥ ቁም ሳጥኑን ገፋ ሳደርገው የግድግዳው ልስን አብሮት ተነሳ።

ከኋላው፣ ከወለሉ እስከ ወገቤ ድረስ፣ ጥቁር ሻጋታ ነው።

የኪራይ ማስታወቂያው «ሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ አዲስ የታደሰ፣ ሐይቅ የሚታይበት፣ ቁም ሳጥን በስጦታ» ይላል። ሐይቁ የሚታየው ጣሪያ ላይ ለወጣ ሰው ነው። እሱንስ ስቄ አልፌው ነበር።

ቤቱን የፈለግሁት ግን አስም ላለባት እናቴ ነው። እሁድ እኔ ጋ ልትኖር ትመጣለች። ይህን ለደላላው አስቀድሜ ስነግረው «ለማዘር የሚሆን ንጹሕ አየር ያለው ቤት አለኝ» ብሎኛል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት አጠገቤ የቆመውን ደላላ።

«እህቴ፣ ክረምት ስለሆነ ግድግዳው ትንሽ አልቦት ነው። ቁም ሳጥኑን መልሺው፣ አይታይም።»

«ባይታይም ይተነፈሳል!»

«አንቺ ደግሞ! ቤቱን ልትከራዪው ነው ልታገቢው?»

አከራይዋ ከበር ላይ ሆነው አገዙት። «የኔ ልጅ፣ ካንቺ በፊት የነበረችው እኮ ሁለት ዓመት ስትኖር አንድ ቀን እንኳ ቁም ሳጥኑን አልነካችውም።»

«እማማ፣ እርስዎ እዚህ ክፍል ውስጥ ያድራሉ?» አልኳቸው።

ከበሩ ዞር ብለው ወደ ግቢው ሄዱ። ያቺ ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ ምን ስትተነፍስ እንደኖረች ያውቁ ነበር ማለት ነው።

ቤቱን ትቼው ወጣሁ፤ ለእሁድ ሦስት ቀን ቀርቷል፤ ቤት የለኝም። ሐዋሳ ያላችሁ፣ እናንተስ ከቁም ሳጥን፣ ከመጋረጃ፣ ከአዲስ ቀለም ጀርባ ምን አገኛችሁ? ሳታፍሩ ጻፉት፤ ማፈር ያለባቸው እነሱ ናቸው።

እኔ ግን ከእንግዲህ ዕቃው ከግድግዳው ሳይነሳ ቤት አየሁ አልልም። «አይታይም» የሚለውንም መልስ ከማንም አልቀበልም።