ባለ ስድስት ጫፉ ኮከብ

በዚህ ነገር ውስጥ አራት ሰዎች አለን። እኔ፣ ከአራተኛ ክፍል አቋርጬ የቀረውን ከየመጽሐፉ የለቀምኩ አናጢ። የስምንተኛ ክፍል ተማሪዋ ልጄ። አንድ የዘንገና ሽማግሌ ገበሬ። ስሙን ያልነገረን መርማሪ።

እንጅባራ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሰፈሩ ልጆች መጽሐፍ አነብ ነበር። በአውሮፓ አይሁዶች በአይሁድነታቸው ብቻ እንዴት እንደተፈጁ የሚተርክ መጽሐፍ ስንጨርስ፣ ልጆቹ «ድራማ እንሥራው» አሉ። አይሁዶቹ ደረታቸው ላይ ቢጫ ኮከብ እንዲሰፉ ይገደዱ ስለነበር፣ ልጄ ከአሮጌ መጋረጃ ኮከብ እየቆረጠች ሰፋችላቸው። ድራማው ሳያልቅ ፖሊሶች ገቡ። ወቅቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀበት ነበር፤ በባንዲራው ኮከብ የተነሳ ሰው ይታሰር ነበር።

ያስገቡኝ የድንች መጋዘን በነበረ ክፍል ነው፤ እርጥብ አፈር ይሸታል። በማግስቱ መርማሪው አንዱን ኮከብ ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

«በባንዲራችን ኮከብ ነው የምታሾፈው?»

«የባንዲራው ጫፍ አምስት ነው። ይሄ ስድስት ነው፤ ይቁጠሩት።»

ቆጠረ። «ኮከብ ኮከብ ነው» አለ። «ማን ሰፋው?»

«አውቃለሁ፤ ግን አልነግርዎትም።»

ጆሮዬ እየጮኸ ተመለስኩ። እዚያው ክፍል ያገኘኋቸው ሽማግሌ ጋቢያቸውን አካፈሉኝ። እሳቸው የታሰሩት ሰልፍ ወጥቶ በተሰወረው ልጃቸው ፈንታ ነው።

«ኧረ አንተ ሰው! አላውቅም አትልም? እኔ ልጄ የት እንዳለ ሲጠይቁኝ በማርያም ምዬ አላውቅም አልኩ።»

«ያውቃሉ እንዴ?»

«ታዲያ አባቱ አይደለሁ!»

«መዋሸት ኃጢአት ነው፣ አባባ።»

«ንስሐውን ስወጣ እገባለሁ። አንተ ግን ለነገም ጉንጭ አስቀር።»

በሁለተኛው ቀን መርማሪው ድምፁን አለሰለሰ። «የሰፋውን ንገረኝና ዛሬውኑ ቤትህ ግባ።»

«አውቃለሁ፤ አልነግርዎትም።»

ኮከቡን መሬት ጥሎ ረገጠው። ጫማውን እስኪያነሳ ጠበቅኩ። አነሳሁት፣ አራገፍኩት፣ ጠረጴዛው ላይ መለስኩት። «ሰው የሞተበት ነው፤ አይረገጥም» አልኩ። የዚያን ቀን አልመታኝም፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ዛሬም መዋሸት ኃጢአት ነው እላለሁ። የሽማግሌውን መሐላ ግን ለመኮነን አፌ እምቢ ይላል።

የከፈልነው ይህ ነው። የሽማግሌው መሬት ያንን ክረምት ጦም አደረ። የቅዳሜው ንባብ ቀረ። ልጄ ዳግመኛ ለድራማ መርፌ አላነሳችም። የእኔ ግራ ጆሮ አይሰማም። መርማሪው የከፈለውን ግን አላውቅም፤ ይህን ስል እውነቴን ነው።