የልጄን ማሳ ያረምን ቀን

ልጄ ሁለት ሥራ ነበራት። ለአንድ የአዲስ አበባ ክለብ በደመወዝ ትሮጣለች፤ ደግሞ የእርሻ ተመራማሪ ናት። እኔ ፊደል ከመቁጠር ያላለፍኩ ሰው ነኝ፣ ሁለቱ እንዴት እንደሚዋደዱ አይገባኝም ነበር። ጠዋት በጀውሃ መንገድ ሮጣ ትመለስና ላቧ ሳይደርቅ ማሽላው ውስጥ አጎንብሳ አገኛታለሁ።

የምርምር መሥሪያ ቤት አለቃዋ ግን፣ "ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም" አላት። እሷም ለመነችው። ይቺን አንድ ክረምት ፍቀዱልኝ፣ ሥራው ከተበላሸ ሩጫውን እተዋለሁ ብላ ቃል ገባች።

ሥራው የነበረው ከሸዋ ሮቢት ዝቅ ብሎ ባለው በኔው መሬት ላይ ነው። ልዩ ልዩ የማሽላ ዘር በትንንሽ መደብ ዘርታ፣ በየመደቡ ካስማ ተክላ ቁጥር ጻፈችበት። መስከረም ላይ ለውድድር ስትሄድ፣ "አደራ አባዬ፣ ሰውም ከብትም እንዳይገባበት" አለችኝ። ሰው ያለችው ባዳውን መሰለኝ።

ከሄደች በኋላ ስልክ ደወለች። ክለቡ ለሌላ ውድድር ስላቆያት ስምንት ቀን ትዘገያለች። ማሳው ደግሞ አቀንጭራ ወርሶታል፤ ያቺ የማሽላ ሥር የምትመጠው አረም በየመደቡ ሐምራዊ አበባዋን አውጥታለች። አላፊ አግዳሚው ይስቅብኛል።

"ጋሼ፣ ልጅዎ ስትሮጥ አቀንጭራው ቀደማት እኮ!"

እኛ ዘንድ ማሽላን በአረም አስበልቶ ዝም ማለት ነውር ነው። ደቦ ጠራሁ። ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ፤ የዙህር ሶላት ሳይደርስ አንዲትም ሳትቀር ነቀልናት። ንፍሮ ቀርቦ፣ "ዛሬስ ከሯጯም በለጥን!" እየተባለ ተሳቀ።

ልጄ ከባጃጅ ወርዳ በቀጥታ ወደ ማሳው ሄደች። ተከተልኳት።

"አባዬ፣ ማን ነቀለው?"

"እኛ ነና! ማን ሊሆን ኖሯል?" አልኳት በኩራት።

ድንበሩ ላይ ቁጢጥ አለች። "የትኛው ዘር አቀንጭራን እንደሚችል ለማየት ነበር የዘራሁት። በየመደቡ የበቀለውን በዚህ ሳምንት ልቆጥረው ነበር" አለች።

"ክምሩ ያውልሽ፣ እሱን ቁጠሪው።"

"ተደባልቋል አባዬ።"

"እንግዲያ በግምት ጻፊያ! ማን ያይሻል?"

"ያላየሁትን አልጽፍም።"

አልጮኸችብኝም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። የሆነውን እንዳለ ጽፋ ለአለቃዋ ሰጠች፤ እሱም በገዛ ቃሏ ያዛት። የክለቡን ልብስ አጥባ፣ አጥፋ መለሰች።

አሁን ለዒድ ስትመጣ፣ እኔ ለሱብሂ ሶላት ስነሳ እሷ ተኝታ ናት። ድሮ በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ ነበረች። አልቀሰቅሳትም።

ደቦ የወጡልኝ ሰዎች ዛሬም ያን ማሳ ያወሳሉ፤ እንዲያ የጠራ ማሽላ አይተን አናውቅም ይላሉ። "ልጅቱስ ምን ነካትና ሩጫውን ተወች?" ብለው ይጠይቁኛል።

"ደክሟት ነው" እላቸዋለሁ። ለደግ የወጣን ሰው ምን ብዬ እነግረዋለሁ?