አባ የዋጡት ውሃ

በዚያ በክፉ ቀን ሳቅሁ ብል የሚያምነኝ የለም። አገር ቤት ድርቁ ሰዉን እየጨረሰው፥ ከመተማ ቆላ የተረፍነው ድንበር ተሻግረን በሱዳን ሰሊጥ እርሻ ላይ ለዕለት ጉርስ ስንሠራ፥ እኔ አትባራ ወንዝ ላይ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ያውም ከቄስ ጋር! ዛሬም ሳስታውሰው ደስታውና ጸጸቱ አብረው ይመጡብኛል። ደስታው ይበልጣል፤ ምን እዋሻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አብሮ አደጌ በእርሻው ካምቦ ውስጥ ሴት ልጅ ተገላገለች። ሁለተኛ ልጇ ናት። የመጀመሪያው ወንድ ነበር፤ ስንሰደድ መንገድ ላይ አርባ ቀኑ ሳይሞላ ሞተ። ቄስ ከየት ይምጣ? ክርስትና ሳይነሣ፥ ፍትሐት ሳይደረግለት፥ ግራር ሥር ቀብረነው መንገዳችንን ቀጠልን። ከዚያ ወዲህ ያገኘችውን ሰው ሁሉ "ልጄ አሁን የት ነው ያለው?" እያለች ትጠይቅ ነበር። ማን ይመልስላታል? እኔም አንገቴን ደፍቼ አልፋታለሁ።

ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው። ያቺ ጨቅላ ሰማንያዋ ሊሞላ ሁለት ቀን ሲቀራት ትኩሳት ያዛት፤ ጡትም እምቢ አለች። እናቷ አላለቀሰችም። ነጠላዋን ስታጣጥፍና ስትዘረጋ ዋለች፤ ከለቅሶ ይልቅ ያ አስፈራኝ። በአካባቢው የነበሩት ቄስ አንድ አዛውንት አባት ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ወንዙን ሽቅብ፥ የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ካለው የስደተኞች ሰፈር። ዝናቡ መሬቱን አጨቅይቶት ሎሪ ከቆመ ወር አልፎታል። አባ ደግሞ ጉልበታቸው በሪህ ተይዞ ከደጃቸው አይርቁም። እንግዲህ የቀረው ወንዙ ነው።

ወንዙን እኔ አውቀዋለሁ። ካምቦአችን አጠገብ አንድ ሱዳናዊ ሽማግሌ ሁለት የሎሪ ከመነዳሪ ነፍቶ፥ ላዩ ላይ ሳንቃ አስሮ፥ ሠራተኛ ያሻግር ነበር። ዓይኑ ስለ ደከመ ክረምቱን ሙሉ አብሬው ቀዘፍሁ። መቅዘፊያዬ እህል የምናዘራበት ላይዳ ነው። ሴት ቀዘፈች ብለው የሚስቁብኝ ጎረምሶች ወንዙ መሀል ሲደርሱ ቀሚሴን ጨምድደው ይይዙ ነበር፤ ስንወርድ ግን አንዱም ትዝ አይለው። ሽማግሌው ምክሩ አንድ ብቻ ነበረች፤ ውሃን አትታገዪው፥ ወዴት እንደምትሄጂ ብቻ ንገሪው ይለኛል። የጓደኛዬን ጭንቀት ስነግረው አንድ ቃል ሳይጠይቅ ከመነዳሪዎቹን አስተንፍሶ በአህያው ጭኖ አብሮኝ ወደ ሰፈሩ ወጣ። አህያዋ ያን ሸክም ብቻ ይዛ እንኳ ጭቃው እስከ ሆዷ ይውጣት ነበር። አባን እንጫንባት ብንል ሁለቱንም ባጣን።

አባ ገና ሳልጨርስላቸው እሺ አሉ። በማግስቱ፥ ልጅቷ ሰማንያ በሞላት ጠዋት፥ ወንዙን ሲያዩት ግን ፊታቸው አመድ መሰለ። የደጋ ሰው ናቸው፤ ወንዝ ማለት ለእሳቸው በበጋ ድንጋይ ድንጋዩን እየረገጡ የሚሻገሩት ነገር ነው። መስቀላቸውን በእጃቸው፥ የሜሮኑን ብልቃጥ በአንገታቸው ይዘው ሳንቃው ላይ ተቀመጡ። ከማታ ጀምሮ እህል ውሃ አልቀመሱም፤ የሚያጠምቅ ቄስ ጾሞ ነው፥ ጠብታ ውሃ እንኳ ከጉሮሮው ከወረደ የዚያን ቀን አገልግሎቱ ቀረ ማለት ነው። ሽማግሌው መልሶ ነፍቶ ያሰናዳውን ጀልባችንን ገፋ አድርጎ ለቀቀንና እሱ በዳር በዳር ከአህያው ጋር ተከተለ።

ክረምቱ ሊወጣ ነውና ውሃው ጎድሎ ነበር፤ ሦስት ቦታ ላይ ብቻ ከአለት መሀል ነጭ አረፋ እየደፈቀ ይወርዳል። ለሚያውቀው ጨዋታ ነው። በመጀመሪያው ስንወርድ አባ ዓይናቸውን ጨፍነው ውዳሴ ማርያም ይደግማሉ፤ ድምፃቸው ከሳንቃው ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። እኔ በላይዳዬ አለቱን ገፋ፥ ውሃውን ሳብ አድርጌ አሳለፍኋቸው። በሁለተኛው ላይ አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። ፊታችን ቀዝቃዛ ፍንጣቂ ሲነካው እኔ ሳላስበው ሳቅ አመለጠኝ፤ ደንግጬ ዞር ስል እሳቸውም ይስቃሉ። ጢማቸው እየተንቀጠቀጠ፥ እንባቸው እየወረደ! እኔ ያን ዓመት ሰው ከልቡ ሲስቅ አላየሁም ነበር። ደረቴ ሰፋ፥ ረሃቡም ሬሳውም ለጥቂት ጊዜ ከላዬ ወረደ።

ጸጥ ካለው ውሃ ላይ ስንደርስ አባ ጉሮሮአቸውን ጠረግ ጠረግ አድርገው፥ እንደ ዋዛ፥ ሌላ አለ ወይ ብለው ጠየቁኝ። አንድ ቀርቷል አልኋቸው። ሦስተኛው ላይ መንገዱ ሁለት ነው፤ በግራ ዳር ዳሩን በዝግታ ይኬዳል፥ በቀኝ ነጩ ውሃ ነው። ሽማግሌው በግራ ሂጂ ብሎ አስጠንቅቆኛል።

"በቀኝ ቢሆንስ?" አሉ አባ፥ ወደ እኔ ሳያዩ።

እኔ ደግሞ መቼ ልመከር! ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል እየሰማሁ ያደግሁ ሴት፥ ላይዳዬን ወደ ቀኝ መለስሁ። ወረድን። እኔ እልልታዬን አቀለጥሁት፥ እሳቸው ሃሌ ሉያ አሉ፥ ልክ አፋቸውን በሰፊው እንደ ከፈቱ ውሃው ተነሥቶ ፊታቸው ላይ ወደቀ። ሳንቃው ተሽከረከረና ቀጥ ብሎ ወጣ። እየሳቅሁ ዞር ስል አባ አይስቁም። እጃቸውን ጉሮሮአቸው ላይ አድርገዋል።

"ልጄ፥ ዋጥሁት" አሉኝ።

ካምቦው ከፊታችን ይታያል፤ ሰዎቹ ወንዙ ዳር ወጥተው ቆመዋል፥ ጓደኛዬ ልጇን ታቅፋ ከሁሉም ፊት ናት። ለእኔ ሳቅ ስል የዚያችን ልጅ ቀን አበላሸሁት። እስከ ነገ ብትቆይስ? ባትቆይስ? ምላሴ ፈጣን ነውና እኔ ሲተፉት እንጂ ሲውጡት አላየሁም አልኋቸው። አየት አድርገውኝ ፊታቸውን ወደ ውሃው መለሱ። እኔም አፈርሁ፤ የቀረውን መንገድ ዓይናቸውን ሳላይ ቀዘፍሁ።

ዳር ስንደርስ ወንዶቹ ደግፈው አወረዷቸው። ጓደኛዬ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል በእጃቸው ከለከሏትና ሕዝቡ ሁሉ እየሰማ ተናገሩ፤ በወንዙ ላይ እንደ ልጅ ተጫውቼ ውሃ ውጫለሁ፥ እንደ ሥርዓቱ ዛሬ ማጥመቅ አልችልም አሉ። ሰዉ አጉረመረመ። ጓደኛዬ ልጇን እንደ ታቀፈች ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። እኔ ነኝ በቀኝ የወሰድኋቸው ልል አፌን ስከፍት አባ ጎንበስ ብለው ነጠላውን ገለጥ አደረጉ። ልጅቷን ረጅም ጊዜ አዩዋት። ዓይኗ ፈዟል፥ ከንፈሯ ደርቋል።

"ስለ ዋጥሁት ውሃ ልጠየቅ፥ እመልሳለሁ" አሉ። "ስለ እሷ ፈጣሪ ቢጠይቀኝ ግን መልስ የለኝም። አምጧት።"

እዚያው ዳር ላይ፥ እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ቆመው፥ ሦስት ጊዜ ነክረው አወጧት። ቅዝቃዜው ሲነካት ጮኸች፤ እንዲያ ዓይነት ድምፅ ከወጣላት ቀናት አልፈዋል። የክርስትና እናቷ እኔ ሆንሁ። ከእጃቸው ተቀብዬ በነጠላዬ ጠቀለልኋት። ጓደኛዬ የእኔን ቀሚስ ጫፍ ይዛ አለቀሰች፥ ከዚያም የሞተውን ልጇን ስም ጠርታ አለቀሰች።

አባ መንገዱ እስኪደርቅ እኛው ዘንድ ሰነበቱ። በዚያው ቀን ጠሩኝና ለራሳቸው የሰባት ቀን ንስሐ እንደ ቆረጡ ነገሩኝ። የሳቁ ግማሽ ያንቺ ነው፥ የንስሐውም ግማሽ ያንቺ ይሁን፤ ጉልበቴ እምቢ ስለሚል ጾሙን እኔ፥ ስግደቱን አንቺ አሉኝ። በቀን መቶ። ከእርሻ ተመልሼ አባ ያረፉበት ዳስ ፊት ለፊት እሰግዳለሁ፥ እሳቸው ተቀምጠው ይቆጥራሉ። በሆዴ አባ ቀላሉን ወሰዱ እላለሁ፤ በረሃብ ዘመን እኮ ጾም ማንም ላይ አልከበደም።

በሦስተኛው ቀን ሰባውን አልፌ ግንባሬ መሬት ላይ እንዳለ የጓደኛዬ እግር ፊቴ ቆመ። ቀና አልሁ። ነጠላዋን ገለጠችልኝ። ልጅቷ ጡቷን ግጥም አድርጋ ይዛ፥ ጉንጯ እየተነፋ፥ ትጠባለች፥ ወተቱም በአገጯ ይወርዳል። ሳቄ መጣ። ልቋጥረው ሞከርሁ፥ አልቻልሁም፤ መሬት ላይ እንደ ተደፋሁ ሳቅሁ፥ ጓደኛዬም ከእኔ ጋር ተቀምጣ ሳቀች።

አባ ከዳሱ ሥር ኮስተር ለማለት ሞከሩ፤ ጢማቸው ግን አልታዘዛቸውም።

"ቁጥሩ ጠፍቶብኛል" አሉ፤ "ከአንድ ጀምሪ።"

ጀመርሁ።