ባጃጅ ላይ የተለጠፉት ሴትዮ

አዳማ ውስጥ ከኋላው ዘፋኝ ወይም ኳስ ተጫዋች ያልተለጠፈበት ባጃጅ፣ ባጃጅ አይመስልም። ባለፈው አርብ የተሳፈርኩበት ላይ ግን መነጽር ያደረጉ፣ ጠና ያሉ ሴትዮ ፎቶ ነበር። ሳልጠይቅ እንዴት ልውረድ?

«ደራሲ ናቸው?» አልኩት ሹፌሩን።

«አንባቢ ናቸው» አለኝ ኮራ ብሎ። «ቲቸር ናቸው። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ሳደርሳቸው አዲስ የወጣ ልብወለድ ጮክ ብለው ያነቡልኛል።» በመስታወቱ እጄ ላይ ያለውን መጽሐፍ ሲያይ ፍሬን ያዘ። «እንዴ! ይሄንኑ እኮ ነው! ዛሬ ልጅቷ ደብዳቤውን ልትከፍት ስትል ደረስን። እስከ ሰኞ እንዴት ልቻለው? በናትህ፣ እሷን ቦታ ብቻ አንብብልኝ።»

እኔም መጽሐፉን ለሰው ካላስነበብኩ ብዬ ሰበብ ስፈልግ ነው የከረምኩት። ከሞተሩ ጋር እየተጯጯህኩ አነበብኩለት። ፖስታ ቤት ጋ «ወራጅ!» ስለው «ምዕራፉ ይለቅ!» ብሎ አለፈ።

ለካ ደብዳቤውን የጻፈው ሞቷል የተባለው አባቷ ነው። ሹፌሩ ባጃጁን ዳር አስይዞ መሪው ላይ አቀረቀረ። ያለቀሰ መሰለኝ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና ዓይኑን አፍጥጦ፣ አፉን ከፍቶ፣ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጫነ።

«ሰኞ ቲቸር ሲያነቡልኝ እንዲህ ብደነግጥ፣ ቀድሜ መስማቴን ይነቁብኛል?»